ቀላቢ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ ኳሰኞቹ ሳይነቁ፣
ጉማሬዎች ገና ከሣሩ ሳይርቁ፣
ሜዳው የኛ ነበር።
ሦስት ኬሻ አሸዋ፣ የበርሜል ክዳን አንድ፤
ኬሻው ማረፊያ ነው ለሯጭ በመንገድ፣
ክዳኑ ቤታችን።
ዱላና ኳስ ያየ ጋሽ ልየው ከታንኳው
"ምነው፣ ገና በሐምሌ?" ብሎ ነው የሳቀው።
"ቤዝቦል ነው" አልነው።
"የሴቶች?"
"የሴቶች፤ የአገር ቡድን ነን።"
ራሱን ነቅንቆ ቀዘፈ።

ከክዳኑ ኋላ የምንበረከከው
እኔ ነኝ፤ ቀላቢ።
እንጉዳይ ክንዷን ያመጣችው ከፎገራ፣
ግሪሳ ስታባርር፣ ሩዝ ማማ ላይ ኖራ፤
ድሮ ወፍ ብቻ ነው ውርወራዋን የሚያውቅ፣
ዛሬ የኔ መዳፍ ነው አብጦ የሚጨነቅ።

ፀሐይ ብቅ ስትል ጓንቴን አውልቄ፣
ቆሮሶ ልፍቅ ነው፣ ላስቲኬን ታጥቄ፤
ሁለት ታናናሾች፣ የታመመች እናት፣
የቤት ኪራይ ደግሞ፣ የማይታመም ለአንድ ዕለት።
እቤትም ቀላቢ፣ ሜዳም ላይ ቀላቢ፤
ሁለት ሥራ፣ አንድ ስም፤ አማርኛ ቆጣቢ!

ደንገል ውስጥ የገባች ኳስ የጋሽ ልየው ሲሳይ፤
በታንኳው ሰርስሮ፣ እንደ እንቁላል ለቅሞ ሲያሳይ፣
"አንዷ ኳስ አንድ ብር፤
ቅናሽ የለም፣ ዱቤም የለም፤
ሐይቁ ነው የበላት፣ እኔ አልበላኋትም።"

ከዚያ ካምፓላ።
ማልያው ሰፊ ነበር፣ በወንድ ልክ የተሰፋ፤
ሱሪዬ ውስጥ ስከተው የቁጥሬ ግማሽ ጠፋ።
እዚያም ሐይቅ አለ፣ ዳር የለውም ሲያዩት።
"ነጭ አባይ ከዚህ ነው አሉ" አለች እንጉዳይ፤
"ከተሸነፍን በዋና እንመለስ፤ ካርቱም ድረስ ቁልቁል፣
ከዚያ በጥቁሩ ሽቅብ፤ እስክንደርስ ሰው ይረሳል።"

ተሸነፍን።
አሥራ ስድስት ለሁለት፤ ማጣፈጫ የለውም።
ግጥም ቤት ሲመታ ጆሮ ነው የሚዳኘው፤
ግጥሚያ ላይ ግን ቤቱን እግር ነው የሚያገኘው፣
ያውም አቧራ ለብሶ።
የነሱ እግር አሥራ ስድስቴ ገባ፣
የኛ ሁለቴ።

ግን አምስተኛው ዙር ላይ፣
ከሦስተኛው ማረፊያ አንዲት ረጅም ተነሣች፣
መሬቱን እንደ ከበሮ እየደለቀች መጣች።
ከግራ ሜዳ ጥግ አንችናሉ ወረወረች፤
አንዴ ነጠረች ኳሷ፣ ሁለተኛ ሳትነጥር ደረሰች።
ቀለብኩ።
ወደቀችብኝ፤ ትከሻዋ ጥርሴን፣ ጉልበቷ ጎኔን፣
አቧራው እስኪገለጥ እፈራ ነበር ማየት ጓንቴን።
ነበረች። ከነስፌቷ፣ ከነሙቀቷ፣
ከጓንቴ ጉድጓድ ውስጥ፣ እዚያው እቤቷ።
ዳኛው ጡጫውን አነሣ፤
እኔ የሰማሁት ግን የሰኞ ማክሰኞ ልጆች፣
የሰፈሬ ልጆች፣ በጠመኔ መስመር ላይ፦
"ተቃጠልሽ! ተቃጠልሽ!"
ያቺው የወደቀችብኝ ጎትታ አነሣችኝ፤
በቋንቋዋ አንድ ነገር አለችኝ፣ አልገባኝም፤
"አይዞሽ" መሆኑን ግን እጇ አልደበቀኝም።

እናቴ ውጤት አልጠየቀች፤ ከንፈሬን አየችና
"ለመሆኑ ቀለቡስ፣ ደህና ነበር?" አለች። "ደህና"
አልኳት፤ "አንድ፤ አምስተኛው ዙር ላይ።"
ግራ ገባት።
"አንድ ምን? ዳቦ?"
ሳቄ የተሰነጠቀ ከንፈሬን አሳመመኝ።

በማግሥቱ አሥራ አንድ ሰዓት።
ጓንቴ ገና ሻንጣ ውስጥ፣ ክዳኑ ጤዛ ለብሶ፣
ጋሽ ልየው ከደንገሉ ወጣ፣ ጋቢውን ተከናንቦ መልሶ።
እንኳን ደህና መጣሽ የለ፣ ስንት ለስንት የለ፤
ውሃ የጠጣች ኳስ፣
ስፌቷ እንደ አምባዛ ሆድ የተተረተረ፣
ከታንኳው ሳይወርድ ወደኔ ወረወረ።
በባዶ እጄ ቀለብኳት፤ ውሃው ክርኔ ድረስ ወረደ።
"አንድ ብር" አለኝና
ቀዝፎ ሄደ።